ሰርጌይ ዲያጊሌቭና የባሌ ሩስ ባለውለታዎች

ሰርጌይ ፓቭሎቪች ዲያጊሌቭ ዳንሰኛ አልነበረም፤ የሙዚቃ ደራሲም፣ ሠዓሊም አልነበረም። ይሁን እንጂ ከ1909 እስከ 1929 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውሮፓና በሁለቱ አሜሪካዎች እየተዘዋወረ ትርዒት ያሳየው ባሌ ሩስ የተሰኘው የባሌት ጓድ የተመሠረተው በእሱ፣ የኖረውም ከእሱ ጋር ነው፤ እሱ ሲሞትም ተበትኗል። ስለ ጓዱ ዳንስ፣ ሙዚቃና የመድረክ ሥዕል ብዙ ተጽፏል። የራሱ ቲያትር ቤት፣ የመንግሥት በጀት ወይም የግል ሀብት ያልነበረው አንድ ሰው ያን ሁሉ ዳንሰኛ፣ ሙዚቀኛ፣ ልብስ ሰፊና ዕቃ ጫኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአገር አገር እያዘዋወረ በምን እንዳኖረው ግን ብዙውን ጊዜ በኅዳግ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ሥራው ተቋምን ከባለጸጋና ከንግድ ድርጅት ጋር ማገናኘት ለሆነ ባለሙያ ይህ ኅዳግ ከዋናው ገጽ ያላነሰ ቁም ነገር ይዟል።

ዲያጊሌቭ በ1872 በሩሲያ፣ በኖቭጎሮድ ክፍለ ሀገር ተወለደ። እናቱ ከወለደችው በኋላ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችው የእንጀራ እናቱ ናት። አባቱ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሲሆን፣ የቤተ ሰቡ ሀብት ግን ከአያቱ የቮድካ ፋብሪካ የመጣ ነበር። በኡራል ተራሮች አጠገብ በምትገኘው በፔርም ከተማ የነበረው ቤታቸው ሙዚቃና እንግዳ የማይለየው፣ ገበታው ሰፊ፣ አገልጋዩ ብዙ ነበር። በ1890 ግን አባቱ በዕዳ ተይዞ ከሠረ፤ ቤቱም ተሸጠ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰርጌይ በዚያው ዓመት ሕግ ሊማር ወደ ፔተርስበርግ ሄደ። ሀብቱ ቢጠፋም የባለጸጋነቱ ጠባይ አልጠፋም፤ ባዶ ኪስ ይዞ በጌታ አኳኋን መኖርን የተማረው ምናልባት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ጫማው ቢቀደድም ኮቱ ባለ ፀጉር አንገት፣ ባርኔጣው የተቦረሸ ይሆን ነበር።

በፔተርስበርግ ከሕግ ትምህርቱ ይልቅ ሙዚቃውን ወደደ። ድርሰቱን ለሪምስኪ ኮርሳኮቭ ቢያሳየው፣ ታላቁ መምህር ተሰጥዎ እንደሌለው ሳያድበሰብስ ነገረው። ይህ ፍርድ ሌላውን ሰው በሰበረው ነበር፤ ዲያጊሌቭ ግን ራሱ መፍጠር ካልቻለ የሚፈጥሩትን አንድ ላይ ማሰባሰብ እንደሚችል ተገነዘበ። በዚያን ጊዜ ከሠዓሊዎቹ ከአሌክሳንደር ቤኗና ከሌዮን ባክስት፣ ከአክስቱ ልጅ ከድሚትሪ ፊሎሶፎቭም ጋር ተወዳጅቶ ነበር። ከእነዚሁ ጋር በ1898 የኪነ ጥበብ ዓለም የሚል ትርጉም ያለውን ሚር ኢስኩስትቫ የተባለ መጽሔት መሠረተ።

የዲያጊሌቭ የደጅ ጥናት ዘመን የሚጀምረው ከዚሁ መጽሔት ነው። ወረቀቱ የተመረጠ፣ ሥዕሉ በውድ ዋጋ የሚታተም ስለ ነበር ከአንባቢ በሚገኘው ገቢ ብቻ ሊቆም የሚችል አልነበረም። ወጪውን የሸፈኑት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው የምድር ባቡር ባለሀብትና የግል ኦፔራ ቤት ባለቤት የነበረው ሳቫ ማሞንቶቭ፣ ሁለተኛዋ ልዕልት ማሪያ ቴኒሼቫ ናቸው። ዓመት ሳይሞላ ግን ማሞንቶቭ በምድር ባቡሩ ሂሳብ ተከስሶ በ1899 ታሰረ። በኋላ ፍርድ ቤት በነጻ ቢለቀውም ሀብቱ አልተመለሰለትም። ልዕልቲቱን ደግሞ አንድ የቀልድ ሥዕል ሠዓሊ ላም አድርጎ፣ ዲያጊሌቭንም ላሚቱን የሚያልብ ሰው አድርጎ ሳላት። ሥዕሉ በሕዝብ ዘንድ መሳቂያ ስላደረጋት የልግስናዋ ደስታ ቀዘቀዘ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሲሰጥ ክብሩ እንዳይነካ ነው፤ ዲያጊሌቭ ይህን የተማረው በመጽሔቱ ኪሣራ ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለቱ ደጋፊዎች ሲጎድሉ መጽሔቱን ያተረፈው ሠዓሊው ቫለንቲን ሴሮቭ ነው። ሴሮቭ በዚያን ወቅት የዳግማዊ ኒኮላስን ምስል ይሥል ስለ ነበር፣ በሥዕሉ መካከል የመጽሔቱን ችግር ለንጉሠ ነገሥቱ አመለከተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም የግል ገንዘብ ድጎማ ተፈቀደ። ከጃፓን ጋር የተደረገው ጦርነት በ1904 ሲነሣ ይህም ቀረ። በዚህ ጊዜ ቴኒሼቫ እንደገና ለመርዳት ፈቃደኛ ሆነች፤ ሆኖም ቤኗ ከመጽሔቱ እንዲወጣና በምትኩ የእሷ ወዳጅ ሠዓሊው ሮይሪክ እንዲገባ የሚል ሁኔታ አከለችበት። ዲያጊሌቭ መጽሔቱን መዝጋት መረጠ። ሰውየው ስለ ገንዘብ ሲል የማያደርገው የለም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ይህን ያደረገው ግን ምንም ሌላ ደጋፊ ሳይኖረው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባውም።

በመንግሥት ቲያትር ቤቶች መሥሪያ ቤትም ጥቂት ጊዜ ተቀጥሮ ነበር። እዚያ የሠራው ዓመታዊ መጽሐፍ በውበቱ ቢደነቅም፣ የአንድ ባሌት ዝግጅት ለእሱ ይሰጠኝ በሚል ክርክር ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ በ1901 ተባረረ። አባረሩትም ወደ መንግሥት ሥራ እንዳይመለስ በሚከለክለው አንቀጽ ነው። ስለዚህ በገዛ አገሩ የሹመት በር ተዘጋበት። በ1905 ከገጠር ርስቶችና ከመኳንንት ቤቶች ለቅሞ ያሰባሰባቸውን ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የሰው ምስሎች በፔተርስበርግ በታውሪድ ቤተ መንግሥት አሳየ፤ ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ፓሪስ አዞረ።

ጊዜው የተመቸ ነበር። ፈረንሳይና ሩሲያ የጦር ቃል ኪዳን ተጋብተው፣ የፈረንሳይ ባንኮች ለሩሲያ መንግሥት ብድር ያበድሩ ነበር። ስለዚህ በፓሪስ የሩሲያን መልካም ገጽታ ማሳየት ለፔተርስበርግ ቤተ መንግሥትም፣ ለፓሪስ ባንኮችም የሚጠቅም ጉዳይ ነበር። ዲያጊሌቭ ይህን የጋራ ጥቅም አስቀድሞ አየ። በ1906 የሩሲያ ሥዕል ኤግዚቢሽን በግራን ፓሌ፣ በ1907 የሩሲያ ሙዚቃ ኮንሰርቶችን በፓሪስ ኦፔራ፣ በ1908 ደግሞ የሙሶርግስኪን ቦሪስ ጎዱኖቭ ሻሊያፒን ዋናውን ክፍል እንዲዘፍን አድርጎ አቀረበ። በፔተርስበርግ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አጎትና የኪነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት የነበረው መስፍን ቭላዲሚር ጠበቃው ሲሆን፣ በፓሪስ በኩል ትልልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶችን የሚደግፍ ማኅበር ትመራ የነበረችው የግሬፉል ባላባት ሚስት ደጋፊው ሆነች። ይህች ሴት በመጀመሪያ ስታየው አጭበርባሪ መስሏት እንደ ነበርና፣ ቤቷ ስላሉት ሥዕሎች ሲናገር ሰምታ፣ ፒያኖም ሲመታ አይታ ሐሳቧን እንደ ለወጠች ይነገራል። የትርዒት አዘጋጁ ጋብሪኤል አስትሪዩክ ደግሞ የአዳራሽ ኪራዩን፣ ማስታወቂያውንና የቲኬት ሽያጩን ያዘ።

በ1909 ሊቀርብ የታሰበው የኦፔራና የባሌት ወቅት ነበር። ነገር ግን ልምምድ ሊጀመር ሲል በየካቲት መስፍን ቭላዲሚር ሞተ። በቤተ መንግሥት ተሰሚነት የነበራት ዳንሰኛ ማቲልዳ ክሼሲንስካያም የተሰጣት ክፍል አንሶብኛል ብላ ተቀይማ ነበር። ከዚህም የተነሣ ድጎማው ተከለከለ፤ ከመንግሥት ቲያትር ሊዋሱ የታሰቡት አልባሳትና የመድረክ ሥዕሎች ተነፈጉ፤ ለልምምድ የተፈቀደው የኤርሚታዥ ቲያትር እንኳ ተወሰደ። ዲያጊሌቭ የቀረችውን ገንዘብ ሲያሰላ ኦፔራ እጅግ ውድ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ከአንድ ሙሉ ኦፔራ በቀር ሌሎቹን ወደ አንዳንድ ገቢር ቀንሶ ባሌቱን አበዛ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ባሌት ታሪክ የተለወጠው በከፊል በዚህ የወጪ ቅነሳ ምክንያት ነው።

ትርዒቱ የቀረበበት የሻትሌ ቲያትር የተለመደው በጀብዱ ትርዒት ስለ ነበር፣ ለጨዋ ተመልካች የሚመጥን አልነበረም። ዲያጊሌቭ አዲስ ምንጣፍ አስነጠፈ፤ የፊት ወንበሮችን አስነቅሎ ለኦርኬስትራው ቦታ አሰፋ። አስትሪዩክም በበኩሉ ለመክፈቻው በፎቁ የፊት ረድፍ የፓሪስን ቆንጆ ተዋናዮች፣ አንዷን ባለ ወርቅማ ጠጉር፣ አንዷን ባለ ጥቁር ጠጉር እያደረገ በተራ አስቀመጣቸው፤ በማግሥቱ ጋዜጦች ከመድረኩ እኩል ስለ እነዚህ ሴቶች ጻፉ። ግንቦት 19 መጋረጃው ሲገለጥ ግን ይህ ሁሉ ተረሳ። ካርሳቪናና ኒጂንስኪ በፎኪን አቀናባሪነት ሲጨፍሩ ፓሪስ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር ነበር።

ወቅቱ ሲያበቃ አዳራሹ ሞልቶ እየታየ ሂሳቡ ከሰባ ሺህ ፍራንክ በሚበልጥ ጉድለት ተዘጋ። አስትሪዩክ የመድረክ ሥዕሎቹንና አልባሳቱን በመያዣነት ይዞ ለሞንቴ ካርሎ ኦፔራ ዲሬክተር ሸጠ፤ ይህም አልበቃው ብሎ ስለ ዲያጊሌቭ የገንዘብ አያያዝ ለሩሲያ ቤተ መንግሥት የክስ ጽሑፍ ላከ። የሚገርመው ሁለቱ ሰዎች በሚከተሉት ዓመታት እንደገና አብረው መሥራታቸው ነው። አስትሪዩክ ያለ ዲያጊሌቭ የሚሸጠው አልነበረውም፤ ዲያጊሌቭም ያለ አስትሪዩክ የሚገባበት በር አልነበረውም።

የተያዘውን ዕቃ ማስለቀቅና የ1910ን ወቅት ማስጀመር የተቻለው ባሮን ድሚትሪ ጉንዝቡርግ የተባለ የፔተርስበርግ ባንከኛ ቤተ ሰብ ልጅ ገንዘቡን ስላወጣ ነው። በምላሹም ስሙ ከዲያጊሌቭ ስም ጋር በዲሬክተርነት ተጻፈ። በ1910 ወጣቱ ስትራቪንስኪ የደረሰው የእሳት ወፍ በፓሪስ ኦፔራ ታየ፤ በ1911 ጓዱ በየበጋው ከመንግሥት ቲያትር ዳንሰኛ መዋሱን ትቶ ቋሚ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ወጪው ዓመቱን ሙሉ ነው። ደመወዝ በየወሩ ይጠየቃል፤ ትርዒት በሌለበት ወርም ሰው ይበላል። ዲያጊሌቭ የውልና የደጋፊ ፍለጋ እስረኛ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

በለንደን በር የከፈተችለት የሪፐን ባላባት ሚስት ስትሆን፣ ጓዱ በ1911 በኮቨንት ጋርደን ለንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ የዘውድ በዓል በተደረገው ትርዒት ተካፈለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደጋፊ ግን ከመኳንንት ወገን አልነበረም። ሰር ጆሴፍ ቢቻም የሆድ ማለስለሻ ክኒን ከሚሠራ ፋብሪካ የበለጸገ ሰው ነበር፤ ክኒኑ በጋዜጣ ማስታወቂያ ብዛት በእንግሊዝ ግዛት ሁሉ የታወቀ ነው። ልጁ ቶማስ የኦርኬስትራ መሪ ስለ ነበር፣ አባትየው በ1913ና በ1914 በድሩሪ ሌን ቲያትር የተደረጉትን የሩሲያ ኦፔራና ባሌት ወቅቶች በገንዘቡ አቆመ። በክኒን የተገኘው ስም በሻሊያፒን ድምፅና በካርሳቪና እግር እንደገና ታጥቦ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢቻም ዲያጊሌቭ ስለሚያቀርበው ሥራ ጣልቃ አልገባም፤ ከደጋፊዎች መካከል ምስጋና የሚገባው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ደጋፊዎች በልዋጩ ያገኙት ምን ነበር? ትርፍ አልነበረም፤ ትርፍ የሚያውቁት በሌላ ሥራቸው ነው። ዲያጊሌቭ የሰጣቸው ቅርበትን ነው። በልምምድ ሰዓት ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ፤ ከትርዒት በኋላ ከስትራቪንስኪና ከኒጂንስኪ ጋር ራት ይበላሉ፤ አዲሱን ሙዚቃ ከሌላው ሰው በፊት በሳሎናቸው ይሰማሉ። ምን እንደሚጨፈር ግን አይወስኑም። ይህን ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ጠብቆታል፤ ያልጠበቀበትም ጊዜ ነበር።

ከንግድ ቤቶች ጋር የነበረው ግንኙነት በሌላ መልክ ነበር። ኮሜዲያ ኢሉስትሬ የተባለው የፓሪስ መጽሔት የባሌ ሩስን የትርዒት መጽሐፍ እያሳተመ ሲሸጥ፣ ከባክስት ሥዕሎች አጠገብ የሽቶ ቤቶች፣ የልብስ ቤቶችና የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። የ1910 ሼሄራዛድ ከታየ በኋላ የፓሪስ ወይዘሮዎች ሰፋፊ ሱሪና ጥምጥም ለበሱ፤ የቤት መጋረጃና የትራስ ቀለም ተለወጠ። ልብስ ሰፊዎችና ጨርቅ ነጋዴዎች ከዚህ ብዙ አተረፉ። ከዚያ ትርፍ ግን ወደ ጓዱ ካዝና የተመለሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዲያጊሌቭ በነጠላ ሰው ፊት ልመናን የሚያውቀውን ያህል የፋሽን ንግድን ለራሱ ጥቅም ማዋልን አላወቀበትም፤ ወይም ንቆታል።

በ1913 አስትሪዩክ በራሱ ያሠራውን የሻንዜሊዜ ቲያትር ለመክፈት ለባሌ ሩስ በአንድ ትርዒት 25,000 ፍራንክ ሊከፍል ተዋዋለ፤ ይህ ካለፈው ዓመት ሁለት እጥፍ ነበር። ግንቦት 29 ቀን የጸደይ ሥርዐት በታየ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የተነሣው ረብሻ እስከ ዛሬ ይወራል። በጣም ያልተወራው ዓመቱ ሳያልቅ አስትሪዩክ መክሠሩ ነው።

የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሲነሣ የአውሮፓ ቲያትሮች ተዘጉ፤ ዳንሰኞቹም ተበታተኑ። ያዳነው የኒው ዮርክ ባንከኛና የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሊቀ መንበር የነበረው ኦቶ ካን ነው። በ1916 መጀመሪያ ጓዱ በሜትሮፖሊታን ወጪ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ውሉ ኒጂንስኪ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር፤ ዳንሰኛው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሳያስታውቅ በማግባቱ በዲያጊሌቭ የተባረረ ከመሆኑም በላይ በጦርነቱ ምክንያት በቡዳፔስት ተይዞ ነበር። ለማስለቀቅ የዲፕሎማቶች ምልጃ አስፈለገ፤ የደረሰውም ትርዒቱ ከተጀመረ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

በአሜሪካ የማስታወቂያውን ሥራ የያዘው በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ሙያ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ወጣቱ ኤድዋርድ በርኔይስ ነበር። በርኔይስ ስለ ባሌት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ አሜሪካውያንም እንደ እሱ እንደማያውቁ አስቦ ከዚያ ተነሣ። ለጋዜጦች ስለ ሙዚቃው፣ ስለ አልባሳቱ፣ ስለ ዳንሰኞቹ ሕይወት እንደየ አንባቢያቸው ዓይነት ጽሑፍ አዘጋጀ፤ አምራቾችም በመድረኩ ቀለምና ንድፍ ዕቃ እንዲሠሩ አግባባ። አንድ የታወቀ የሴቶች መጽሔት ከጉልበት በላይ የተገለጠ ልብስ አላትምም ባለ ጊዜ፣ በፎቶግራፉ ላይ ቀሚሱን በቀለም አስረዘመና መጽሔቱ አተመው። ዲያጊሌቭ በፓሪስ ያላደረገውን፣ ትርዒቱን ከዕቃ ገበያ ጋር ማስተሳሰርን፣ በርኔይስ ያደረገው በዚህ መንገድ ነው። ሜትሮፖሊታን ግን በሁለተኛው ጉዞ፣ ኒጂንስኪ ጓዱን በመራበት ጊዜ፣ ከባድ ኪሣራ ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ አልጋበዘም።

ዲያጊሌቭ ከደጋፊዎቹ ስሜት ጋር በግልጽ የተጋጨው በ1917 ነው። የየካቲት አብዮት የሩሲያን ዘውድ ባወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ በፓሪስ የእሳት ወፍ ሲታይ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ልዑሉ ዘውድ በመጫን ፈንታ ቀይ ምልክት ይዞ እንዲወጣ አደረገ። ፈረንሳይ ልጆቿን በጦር ሜዳ እያጣች፣ የሩሲያም ጦር ከጎኗ መቆሙ እያጠራጠረ ሳለ፣ በአዳራሹ የነበሩት ባለጸጎች ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ዲያጊሌቭም ዘውዱን መለሰ። የጥቅምቱ አብዮት ሲከተል የሩሲያ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ሆኑ፤ እሱም ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያ መጠጊያው የሆነው የለንደን የሙዚቃ አዳራሾች ባለቤት ኦስዋልድ ስቶል ነው። ከ1918 ጀምሮ በኮሊሲየም ባሌቱ በቀልደኞችና በአክሮባቶች ትርዒት መካከል ይቀርብ ነበር። ዲያጊሌቭ በዚህ ቢያፍርም እንጀራው ነበረና ዋጠው። በ1920 የጸደይ ሥርዐትን በአዲስ ዳንስ ሊያቀርብ ሲቸገር፣ በጊዜው ልብስ ሰፊ ብቻ ተደርጋ ትታይ የነበረችው ጋብሪኤል ሻኔል ወደ ሆቴሉ መጥታ ቼክ ሰጠችው፤ መጠኑ 300,000 ፍራንክ እንደ ነበር ይነገራል። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ እንዳይነገር። ምስጢሩ በእርግጥ አልተጠበቀም፤ ከዚያ በኋላም ሻኔል የጓዱ ሰው ሆነች።

በ1921 የዲያጊሌቭን ሕይወት ሊሰብር የተቃረበ ነገር ደረሰ። የቻይኮቭስኪን የተኛችውን ልዕልት፣ የፔተርስበርግን የቤተ መንግሥት ባሌት በሙሉ ግርማው፣ በለንደን አልሐምብራ ቲያትር ሊያቀርብ አሰበ። እንደ ተራ ተውኔት በየማታው ለወራት ቢታይ ወጪውን ይመልሳል የሚል ስሌት ነበረው። ስቶል በመጀመሪያ 10,000 ፓውንድ ሰጠ፤ ባክስት አልባሳቱን በሐርና በወርቅ ሲሠራ ገንዘቡ አለቀ፤ ስቶል ጨመረ፤ እንደገና ጨመረ፤ 20,000 ደረሰ። በመክፈቻው ምሽት፣ ኅዳር 2፣ ጫካው የሚያድግበት መሣሪያ ተበላሸና ዲያጊሌቭ አለቀሰ። ትርዒቱ ከመቶ ጊዜ በላይ ታየ፤ ለባሌት ብዙ ነው፤ ያን ያህል ወጪ ለመመለስ ግን ጥቂት ነው። የካቲት 1922 ተዘጋ። ስቶል ሥዕሎቹንና አልባሳቱን በመያዣነት ያዘ፤ ዲያጊሌቭ ወደ ፓሪስ ሄደ። በፓሪስ ኦፔራ ቃል የገባውን ለመፈጸም ከትርዒቱ አንድ ገቢር ብቻ ቆርጦ፣ በአሮጌ የመድረክ ሥዕል አቀረበው።

ለዚህ ሁሉ ዕዳ መፍትሔ የተገኘው በአንዲት ሴት ዝምድና ነው። የፖሊኛክ ልዕልት ዊናሬታ የአሜሪካዊው የአይዛክ ሲንጀር ልጅ ነበረች፤ በመርካቶና በየገጠሩ ገበያ ልብስ ሰፊው የሚቀመጥባት የእግር መኪና ላይ ስሙ የተጻፈው ሲንጀር ማለት ነው። ከዚህ መኪና የመጣውን ሀብት ለአዲስ ሙዚቃ ደራሲዎች ታከፋፍል ነበር፤ ለስትራቪንስኪም ሥራ አዝዛ በ1922 ባሌ ሩስ አሳይቶታል። የባሏ ወገን የሆነው ፒየር ፖሊኛክ የሞናኮን ልዕልት አግብቶ ስለ ነበር፣ በዚህ በኩል ከሞንቴ ካርሎ ጋር ድርድር ተከፈተ። የቁማር ቤቱንና ኦፔራውን የሚያስተዳድረው የሶሲዬቴ ዴ ባን ደ ሜር አክሲዮን ማኅበር ከ1923 ጀምሮ ጓዱን በየክረምቱ ለማኖር ተዋዋለ።

ይህ ውል በዲያጊሌቭ ሕይወት ከተገኙት ድጋፎች ሁሉ ለዘመናዊው የድርጅት ሽርክና የቀረበው ነው። ልግስና አልነበረም። ማኅበሩ የልምምድ አዳራሽ፣ መድረክና ለብዙ ወራት የተረጋገጠ ደመወዝ ሰጠ፤ በምላሹ ዳንሰኞቹ በኦፔራው ውስጥ ያሉትን ጭፈራዎች ሁሉ እንዲጨፍሩ፣ በጸደይም የራሳቸውን ወቅት እንዲያሳዩ ግዴታ ገቡ። ባለጸጋ እንግዶች በሞንቴ ካርሎ በቆዩ ቁጥር ቁማር ቤቱ ይጠቀማል፤ እንግዳውን ለማቆየት ደግሞ ባሌ ሩስን የመሰለ አልነበረም። ወጣቱ ጆርጅ ባላንሺን በ1924 ከሶቭየት ኅብረት መጥቶ ሲቀላቀል፣ በየሳምንቱ ለኦፔራ ጭፈራ እያቀናበረ እጁን ያፍታታው በዚሁ ግዴታ ምክንያት ነው። ዳንሰኞቹ የኦፔራውን ሥራ እንደ ቀንበር ቢያዩትም ሰባት ክረምት በልተውበታል።

ከንግዱ ዓለም ጋር የነበረው ዝምድናም በዚህ ዘመን ጠበቀ። በ1924 የቀረበው ሰማያዊው ባቡር ባለጸጎችን ከካሌ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ በሚያመላልሰው የቅንጦት ባቡር ስም የተጠራ ሲሆን፣ ዳንሰኞቹ የለበሱት ሻኔል የሠራችውን የዋናና የቴኒስ ልብስ ነበር። ሥራው ስለ ስፖርትና ስለ ባሕር ዳር መዝናናት ነው፤ ኪነ ጥበቡ የት አብቅቶ ማስታወቂያው የት እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል።

በ1926 የለንደንን ወቅት የደገፈው የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር ነበር። ቢቻም ልጁን ስለ ወደደ ገንዘቡን አወጣ፤ ሮዘርሚር ግን ከባሌቱ ይልቅ አንዳንድ ዳንሰኞችን መውደዱ አልተሰወረም። አሊስ ኒኪቲና በ1928 የአፖሎንን ዋና የሴት ክፍል ከአሌክሳንድራ ዳኒሎቫ ጋር በመፈራረቅ ያገኘችው በዚሁ ሰው ፍላጎት እንደ ሆነ በጓዱ ውስጥ ይታመን ነበር። ቴኒሼቫን እምቢ ብሎ መጽሔቱን የዘጋው ዲያጊሌቭ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ለዚህ ተንበረከከ። መጽሔት ቢዘጋ የሚራበው ጥቂት ሰው ነው፤ ከጓዱ ጀርባ ግን በየወሩ ደመወዝ የሚጠብቁ፣ አብዛኞቹ አገር የሌላቸው ስደተኞች ነበሩ።

ገንዘብ ሲጨንቀው ያለውን ይሸጥ ነበር። ፒካሶ በ1919 ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ለተባለው ባሌት የሠራውን መጋረጃ መሐሉን አስቆርጦ ለአንድ የሥዕል ሰብሳቢ ሸጠው። በሌላ በኩል በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጥንታዊ የሩሲያ መጻሕፍት ፍቅር ያዘው፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንደ ዘመድ የሚቆጠረው የፑሽኪን የእጅ ጽሑፍም ሲገኝ ዋጋውን አይከራከርም ነበር። ባልደረቦቹ ልቡ ከባሌቱ መራቁን ያዩት በዚህ ነው።

የስኳር በሽታ ነበረበት፤ ሐኪም የከለከለውንም ምግብ አይተውም ነበር። በ1929 የለንደን ወቅት ካበቃ በኋላ ወደ ቬኒስ ወረደ። ጠንቋይ በውሃ ላይ ትሞታለህ ስላለችው ባሕር መሻገርን ዕድሜውን ሁሉ የፈራ ሰው፣ ነሐሴ 19 ቀን በሊዶ ደሴት በሚገኝ ሆቴል በ57 ዓመቱ ሞተ። አጠገቡ ከነበሩት መካከል ሻኔልና ወዳጁ ሚስያ ሰርት የመቃብሩን ወጪ ከፈሉ፤ ሬሳውም በጎንዶላ ወደ ሳን ሚኬሌ ደሴት ተወሰደ። ዳንሰኞቹ የሰሙት በዕረፍት ተበታትነው ሳለ፣ ብዙዎቹም ከጋዜጣ ነው። የሚተካው አልነበረም፤ ውሎቹ ሁሉ በእሱ ስም፣ ደጋፊዎቹም ሁሉ የእሱ ወዳጆች ነበሩና።

ባላንሺን በኋላ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከጓዱ ጋር ሁለት ዓመት የጨፈረችው ኒኔት ደ ቫልዋ ወደ ለንደን ሄደው፣ ሁለቱም ቋሚ ገቢ ያላቸው የባሌት ድርጅቶች መሠረቱ። አልባሳቱና የመድረክ ሥዕሎቹ ከ1967 ጀምሮ በለንደን በጨረታ ተሸጡ፤ ሙዝየሞች ተሻሙባቸው። ተቆርጦ የተሸጠው የፒካሶ መጋረጃ ከ1959 እስከ 2014 በኒው ዮርክ በአንድ ታዋቂ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ ወደ ከተማው የታሪክ ማኅበር ሙዝየም ተዛውሯል።